አሮጌው ቤትና አዲሱ ሕንፃ በአራዳ ሠፈር

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአራት ኪሎ በኩል ወደ ፒያሳ የሚወርድ ተማሪ አንድ ክርክር ሳይሰማ አይመለስም። አንደኛው ወገን «አሮጌ ቤት ሁሉ ቅርስ ነውና አይነካ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ጭቃና ቆርቆሮ ምን ቅርስነት አለው? ይፍረስና ፎቅ ይሠራበት» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ዳሩ ግን ሁለቱም የዘነጉት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ጣራው ሲያፈስ የሚጠግነው ማን ነው?» የሚለው ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በአራዳ ሠፈር ምሳሌነት መመርመር ነው።

ሀ) ቤቶቹ እንዴት ተሠሩ?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የከተማይቱ ዋና ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአራዳ ይውል ነበር። መኳንንቱም፣ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎችም በዚያው ዙሪያ ቤት ሠሩ። በ1909 ዓ.ም. ምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮና መስተዋት ከባሕር ማዶ ማስመጣት ቀለለ። ስለዚህ የአራዳ ቤት የአንድ ወገን ሥራ አይደለም። ጭቃውና እንጨቱ ያገራችን ሲሆን፣ ሰፊው የእንጨት በረንዳና ጌጠኛው ጣውላ የሕንድና የአርመን ሠራተኞች እጅ ያለበት ነው።

አሠራሩን ለሚመለከት ሰው ዕውቀት ያለበት ነው። መሠረቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ይገነባል፤ ይህም እርጥበት ወደ ግድግዳው እንዳይወጣ ነው። የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ርቆ ይወጣል፤ ይህም የክረምት ዝናብ ጭቃውን እንዳያጥበው ነው። በረንዳው ጥላም መከላከያም ይሆናል። እንግዲህ ጭቃ ቤት ደካማ ነው የሚባለው ተረት ነው። ጭቃ የሚፈራው ውሃን ብቻ ነውና፣ ከላይና ከታች ከውሃ ከተጠበቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቆም ይችላል።

ለ) ታዲያ ለምን ፈረሱ?

አንድ የቆርቆሮ ሚስማር ይዝጋል። በቀዳዳው ውሃ ጠብ ይላል። ውሃው የግድግዳውን ራስ ያርሰዋል፤ ማገሩ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ምስጥ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰው መሰላል አቁሞ አንድ ሚስማር ቢለውጥ ኖሮ በዐሥረኛው ዓመት ግድግዳው ባልተናደ ነበር። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ደግሞም የተሰነጠቀውን የጭቃ ግድግዳ በስሚንቶ የሚለስን ሰው ያዳነው ይመስለዋል። ነገር ግን ስሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ጭቃውም ከስሚንቶው ጀርባ ሆኖ ይፈርሳል። ለጭቃ የሚስማማው ጭቃና ኖራ ነው።

መሰላሉን የሚያቆመው ሰው የጠፋው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ሕጉ መሄድ ያስፈልጋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ይህ አዋጅ ለብዙ ድኃ ቤተ ሰብ መጠለያ እንደ ሰጠ መካድ አይገባም። ዳሩ ግን አነስተኛው ኪራይ ለጥገና የሚበቃ አልነበረም። ተከራዩ «ቤቱ የመንግሥት ነው» ሲል፣ አስተዳዳሪው «በጀት የለም» ሲል፣ ዝናቡ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይገባ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ ያደግሁት ከአያቴ ጋር በዚያው ሠፈር በአንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። በክረምት ሦስት ባልዲ በሦስት ቦታ እናስቀምጥ ነበር። አያቴ ለጥገና ማመልከቻ ስታስገባ «በራሳችሁ እንዳትነኩት» ትባላለች፤ የሚነካው ግን አይመጣም። ቤቱ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ከማፍረሻው መኪና አስቀድሞ ባልዲዎቹ ፍርዱን ሰጥተውት ነበር ማለት እችላለሁ።

ሐ) የቅርስ ሕጉስ?

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ባለቤት ላይ ግዴታ ይጥላል፤ ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ ሊጠብቅ ይገባዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ባለቤት ባልሆነበት፣ ባለቤቱም በቤቱ ውስጥ በማይኖርበት ሠፈር ይህ ግዴታ በማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል? በግድግዳው ላይ «ቅርስ ነው» የሚል ሰሌዳ መለጠፍ ብቻውን ጣራ አይከድንም።

መ) የተሳካላቸው ምሳሌዎች

ነገሩ ተስፋ የሌለው እንዳይመስለን በዐይናችን የምናያቸውን ሦስት ቤቶች እንመልከት።

አንደኛው የራሳችን ግቢ ገነተ ልዑል ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚህ ነው። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደም የፈሰሰውም እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየም ይገኝበታል። በፊቱ የቆመውን ደረጃ ፋሽስቶች ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዘመን መታሰቢያ አድርገው ሠሩት፤ የኛ ሰዎች ግን ሳያፈርሱት በላዩ አንበሳ አስቀመጡበት። ማፍረስ ብቻ መልስ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር መምህር አላውቅም።

ሁለተኛው እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ሆቴል ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ቢጎዳውም ታድሶ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ። የሚሠራበት ሰው ስላለው ጣራው ሲቀደድ የሚያይ ዐይን አለው።

ሦስተኛው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። በኢጣሊያዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ የዘመናዊነት ምልክት ነበር። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት፤ የአፈወርቅ ተክሌም የመስተዋት ሥዕል አለበት። በ2017 ዓ.ም. ዕድሳቱ ተፈጽሞ እንደገና ሲከፈት መልኩ ተጠብቆ፣ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም አጥንቱ ተጠናክሮ ነበር። እንግዲህ የትናንቱ አዲስ ሕንፃ የዛሬ ቅርስ ሆነ ማለት ነው። ዘመናዊ ሕንፃና ቅርስ ጠላቶች ናቸው የሚለው አባባል በዚህ ይፈርሳል።

ሠ) የፈረሰው ቤት ብቻ ነውን?

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በአካባቢው ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳር ተዛውረዋል። ለሥራው የሚሟገቱ ሰዎች የሚያነሡትን ነገር በቅንነት መስማት ይገባል። ሽንት ቤት ለብዙ ቤተ ሰብ አንድ ነበር። እሳት ቢነሣ መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበረም። እኔም በዚያ የኖርሁ ስለሆንሁ ድኅነትን ቅርስ ብዬ ልጠራው አልፈቅድም።

ነገር ግን ከግድግዳው ጋር የማይታየው ነገርም ይፈርሳል። አያቴ ዛሬ ውሃ የማያጣ፣ ጣራው የማያፈስ የኮንዶሚኒየም ቤት አላት፤ ስለዚህም ታመሰግናለች። ይሁን እንጂ የዕድሯ ሰዎች በአራት ማዕዘን ተበታትነዋል። ለአንዲት የድሮ ጎረቤቷ ለቅሶ ስትሄድ ሦስት ታክሲ ትይዛለች። ስትመለስ «ቤቱስ መልካም ነው፤ ደጁ ነው የጠፋኝ» አለችኝ። የከተማ ፕላን የሚነድፍ ሰው ይህን ቃል ቢያስብበት አይጎዳም።

ረ) ምን ይደረግ?

በእኔ አስተያየት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በቀሩት አሮጌ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ቤቱን ለመጠገን መብትና የረጅም ጊዜ ውል ቢያገኙ፣ ያወጡትም ገንዘብ ከኪራይ ቢታሰብላቸው፣ መሰላሉን የሚያቆም ሰው ይገኛል። ሁለተኛ፣ ሁሉን ማቆየት አይቻልምና ሳይፈርስ አስቀድሞ ተለይቶ ይመዝገብ፤ ምርጫው በማፍረሻው ቀን የሚደረግ አይሁን። ሦስተኛ፣ አዲስ ሕንፃ በአሮጌ ሠፈር ሲሠራ ከቦታው ይማር፤ ከዝናብ የሚከልል ክፈፍና ጎረቤት ቆሞ የሚነጋገርበት በረንዳ ለፎቅም ይስማማል።

እኛ ተማሪዎችስ? እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም። የአርክቴክቸር ተማሪው ሜትር ይዞ ቤቱን ይለካ፤ የታሪክ ተማሪው ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ፤ የቋንቋ ተማሪው የሠፈሩንና የቤቱን ክፍሎች ስም ይጻፍ። በዚህ ክረምት በየሠፈራችን አንዳንድ ቤት ብንመዘግብ በመስከረም ስንገናኝ ለመከራከሪያ የሚሆን እውነተኛ ማስረጃ በእጃችን ይኖራል። ክርክራችንም ያን ጊዜ «ይፍረስ፣ አይፍረስ» ከሚል ጩኸት ወጥቶ፣ የሚፈሰውን ጣራ ማን እንደሚከድን ወደ መነጋገር ይመጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።