ሽቶ እንዴት ይሠራል?

ለልጆች የተዘጋጀ ትምህርት

ኮኞ ኮኞ ገበያ ስትሄዱ በትንንሽ ጠርሙስ የተሞላ ሽቶ ሳታዩ አትቀሩም። በውስጡ ምን እንዳለና እንዴት እንደሚሠራ ዛሬ አብረን እንማራለን። ከአገራችን የሚወጣ ነገር ለሽቶ ሥራ ስንት ዘመን እንዳገለገለም ታያላችሁ።

1. ሽታ ምንድን ነው?

ቡና ሲቆላ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ይህም የሚሆነው ከቡናው የሚተኑ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች በአየር ተጉዘው አፍንጫችን ውስጥ ስለሚገቡ ነው። ሙቀት ሲጨምር ቅንጣቶቹ በፍጥነት ይተናሉ። ዕጣን ፍም ላይ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ፈረንሳዮች ሽቶን «ፓርፈ» ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው «በጢስ አማካይነት» ከሚል የላቲን ንግግር ነው። ስለዚህ እናቶቻችን ቤት ሲያጥኑ የሽቶን የመጀመሪያ ጥበብ እየሠሩ ነው ማለት ይቻላል።

2. መዓዛው ከየት ይገኛል?

ከአበባ፣ ከሎሚ ልጣጭ፣ ከቅርንፉድ፣ ከሰንደል እንጨት፣ ከዛፍ ሙጫና ከእንስሳት ይገኛል። ዕጣን የዛፍ ሙጫ ነው። በመተማና በትግራይ ቆላ ሠራተኞች የዛፉን ቅርፊት በትንሹ ይልጣሉ፤ የሚወጣው ፈሳሽ ሲደርቅ ይለቀማል። ዛፉ ያለ ዕረፍት ከተላጠ ግን ይደክማል።

3. መዓዛው እንዴት ይወጣል?

አረቄ ሲወጣ ያየ ልጅ ይህን በቀላሉ ይረዳል። ድስቱ ከሥር ሲነድድ እንፋሎት ይወጣል፤ በቱቦ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ወደተከበበው ዕቃ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። አበባም እንዲሁ ከውኃ ጋር ሲፈላ እንፋሎቱ የአበባውን ዘይት ይዞ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያም ይቀዳል። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት 3000 ኪሎ ያህል ወይም ከዚያ በላይ አበባ ያስፈልጋል። ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

4. ጥሪኝና ዝባድ

ጥሪኝ በሌሊት የምትንቀሳቀስ የዱር እንስሳ ናት። ከጅራቷ ሥር ካለው ዕጢ ዝባድ የሚባል ቅባት ይወጣል። ከከፋና ከእናርያ የሚነሡ ነጋዴዎች ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ዝባድን በቀንድ ውስጥ አድርገው ይሸጡት ነበር። ወደ ፈረንሳይ የሽቶ ባለሙያዎችም ይላክ ነበር። ዝባድ ሲወጣ ሽታው ያስጠላል፤ በአልኮል ሲቀጥን ግን ይጣፍጣል፤ የሌላውንም መዓዛ ቶሎ እንዳይጠፋ ይይዛል።

ነገር ግን ጥሪኟ ከጫካ ተይዛ መዞር እንኳ በማትችልበት ጠባብ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ዓመታት ትኖራለች፤ ቅባቱም በየጊዜው እየተፋቀ ይወሰድባታል። እንደ ልብ መንቀሳቀስ አለመቻል ምን ማለት እንደሆነ እኛ ስደተኞች እናውቃለን። መፍትሔ የመጣው ከኬሚስትሪ ነው። ሌዎፖልድ ሩዚችካ የሚባል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባድን ዋና መዓዛ አሠራር መርምሮ ገለጠ፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፈለ። ዛሬ አብዛኞቹ ሽቶ ሠሪዎች ይህን መዓዛ በቤተ ሙከራ በተሠራ ንጥረ ነገር ይተኩታል። በዚህ በኩል የጥሪኟ ሥቃይ ሲቀንስ፣ ከዝባድ ይገኝ የነበረው የገበሬው ገቢም ይቀንሳል። ልጆች፣ ሁለቱንም አስቡ።

5. ቅመማው

ባለሙያው ብዙ መዓዛዎችን ይቀላቅላል። የሎሚ ሽታ ቶሎ ይጠፋል፤ የአበባ ሽታ ይቆያል፤ የሰንደልና የዕጣን ሽታ እስከ ማታ ይዘልቃል። ቅልቅሉ በአልኮል ይቀጥናል፤ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ተጣርቶ ይታሸጋል። ሱዳናውያን እናቶች ደግሞ ሰንደል፣ ቅርንፉድና ዘይት ቀምመው ኹምራ የሚባል ሽቶ በቤታቸው ይሠራሉ። ከሱዳን የመጡ ጓደኞቻችሁን ጠይቋቸው።

6. በቤት የሚሠራ

ንጹሕ ጠርሙስ፣ ጥቂት የሰሊጥ ዘይትና አንድ እፍኝ ናና ያዙ። ናናውን አጥባችሁ ውኃው እስኪጠፋ አድርቁት፤ ጨቅጭቃችሁ ዘይቱ ውስጥ ክተቱት። ክዳኑን ዘግታችሁ ለአንድ ሳምንት አስቀምጡት፤ ከዚያ በጨርቅ አጥሉት። መዓዛው ወደ ዘይቱ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ጥቂት በመሐረብ ላይ አድርጋችሁ አሽትቱት።

ማሳሰቢያ፦ የገበያ ሽቶ አልኮል ስላለበት በእሳት አጠገብ አትክፈቱት፤ ከቶ አትቅመሱት። ለታናናሾቻችሁም ንገሯቸው።

ጥያቄዎች

ሀ. ዕጣን ፍም ላይ ሲደረግ ሽታው ለምን ይበረታል?
ለ. የአበባ ዘይት ከውኃው የሚለየው እንዴት ነው?
ሐ. ጥሪኟም ገበሬውም እንዳይጎዱ ምን ቢደረግ ይሻላል? ከቤተሰባችሁ ጋር ተወያይታችሁ መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ፤ በክፍል እናነበዋለን።