አልመለስ ያለ ብሬከርና የእንጀራ ምጣድ

በካባላጋላና በአካባቢው ተከራይተው እንጀራ የሚጋግሩ ወገኖቻችንን በዝናብ ወራት ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ወድቆ አልነሣ የሚል ብሬከር ነው።

«ቴስት» የሚል ትንሽ ቁልፍ ያለው ብሬከር በአንዱ ሽቦ የገባውን ኤሌክትሪክ በሌላው ከተመለሰው ጋር ያመዛዝናል። ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፒር ሳይሞላ ያቋርጣል። አልመለስም ሲል እንግዲህ አንድ ቦታ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እየሾለከ ይሆናል።

በቅድሚያ የያካ ሒሳብ አለማለቁን ተመልከቱ። ቀጥሎ በደረቅ እጅ ሁሉንም ዕቃ ከሶኬት ንቀሉ። የሶኬቱን ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም፤ ብዙውን ጊዜ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። የብሬከሩን ምላስ መጀመሪያ ወደ ታች እስከ መጨረሻው ተጫኑት፣ ከዚያ ወደ ላይ መልሱት። ከቆመ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሰኩ፤ የጣለው ጥፋተኛው ነው። ምንም ሳይሰካ ከወደቀ ግን ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ ጉዳቱ በግድግዳው ሽቦ ወይም በብሬከሩ ላይ ስለሚሆን አከራዩ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ያስጠራ።

ምጣድ ከሆነ ሸክላው እርጥበት ጠጥቶ ወይም ሊጥ ወደ ሽቦው ወርዶ ይሆናል። ነቅላችሁ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት። ደርቆም ከጣለ ሽቦው ይመርመር።

አንዳንድ ሠራተኛ አረንጓዴና ቢጫውን የመሬት ሽቦ ቆርጦ «ይኸው ሠራ» ይላል። መሥራቱንስ ይሠራል። ነገር ግን የሾለከው ኤሌክትሪክ በምጣዱ ብረት ላይ ይቆይና ወደ መሬት የሚወርደው በጋጋሪዋ እጅ በኩል ነው። እንዲህ የተቆረጠ ምጣድ ያላችሁ ሽቦው እስኪመለስ ድረስ አትሰኩት።