አሉታዊ ቁጥርን ስለ ማካፈል፤ ሕጉና ምክንያቱ

ከትምህርት ቤት ይዘነው የመጣን አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም «አሉታዊና አሉታዊ አዎንታዊ ይሆናል» የሚል ነው። ሕጉን በቃሉ የማያውቅ ከመካከላችን አይገኝም፤ ምክንያቱን ብንጠያየቅ ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። ምክንያቱን ያልያዘ ሰው ደግሞ ሕጉን ያለ ቦታው ይወስደዋል፤ -3 እና -4ን ደምሮ 7 ይላል፤ ድምሩ ግን -7 ነው። ከመካከላችን ነገ አስተማሪ የሚሆኑ ስላሉ፥ ስሕተቱ በኛ ላይ ብቻ አይቀርም።

በዕዳ እንጀምር። አራት ጓደኞች በኅብረት የ12 ብር ዕዳ ቢኖርባቸው፥ ለያንዳንዳቸው የ3 ብር ዕዳ ይደርሳቸዋል፤ -12 ÷ 4 = -3። በ12 ብር ዕዳ ውስጥ የ3 ብር ዕዳ ስንት ጊዜ ይገኛል ብንል ደግሞ አራት ጊዜ ነው፤ -12 ÷ (-3) = 4። ነገር ግን 12 ÷ (-3) ሲመጣ የዕዳው ምሳሌ አይረዳንም፤ በ12 ብር ሀብት ውስጥ ዕዳ ስንት ጊዜ ይገኛል ተብሎ አይጠየቅምና።

ስለዚህ ወደ ትርጉሙ እንመለስ። ማካፈል የማባዛት ግልባጭ ነው። 12 ÷ (-3) ማለት «በ-3 ሲባዛ 12 የሚሰጥ ቁጥር የትኛው ነው?» ማለት ነው። (-4) × (-3) = 12 ስለ ሆነ መልሱ -4 ነው። የማባዛቱስ ሕግ ከየት መጣ ቢባል፥ (-4) × (3 + (-3)) የግድ ዜሮ ነው፤ (-4) × 3 = -12 ከሆነ፥ (-4) × (-3) ከ12 በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም።

ክፍልፋይም ከዚሁ ሕግ አይወጣም። (-3/4) ÷ (2/5) ስንል፥ በ2/5 ተባዝቶ -3/4 የሚሰጠውን ቁጥር እንፈልጋለን። 2/5 በ5/2 ሲባዛ 1 ስለሚሆን፥ ሁለቱንም ወገን በ5/2 እናባዛለን፤ (-3/4) × (5/2) = -15/8። «አካፋዩን ገልብጦ ማባዛት» የሚባለው ይኸው ነው። ማረጋገጫውም (-15/8) × (2/5) = -30/40 = -3/4 ነው። አካፋዩ -2/5 ቢሆን ኖሮ መልሱ 15/8 ይሆን ነበር።

ሕጉ ጥንታዊ ነው። የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ628 ዓ.ም. አዎንታዊውን ሀብት፥ አሉታዊውን ዕዳ እያለ ጽፎታል። ይሁን እንጂ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ነው ማለቱን ዛሬ አንቀበለውም፤ ማናቸውም ቁጥር በዜሮ ሲባዛ ዜሮ ስለሚሰጥ፥ የተለየ አንድ መልስ አይገኝለትም። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ፈረንሳዊው አንቷን አርኖ 1 ÷ (-1) ከ(-1) ÷ 1 ጋራ እኩል መሆኑ አስጨንቆት ነበር፤ ትልቁ ለትንሹ፥ ትንሹ ለትልቁ እንደሚሆነው እንዴት ይሆናል ብሎ ተከራከረ። በትርጉሙ ብንሄድ ግን የሁለቱም መልስ -1 ነው፤ የምንጠይቀው ስለ ብዜት እንጂ ስለ ታላቅና ታናሽ አይደለምና።

ለመልመጃ ያህል (-5/6) ÷ (-10/9)ን እንሥራ። 3/4 ያገኘ ደግ አደረገ፤ በማባዛት ሳያረጋግጥ ግን አይለፈው።