ከላለሊ ወጣ ብሎ፦ ኢስታንቡልን ለማየት

ኢስታንቡል የሚመላለስ ሐበሻ ብዙውን ጊዜ ከተማዋን የሚያውቃት በላለሊ ነው፤ በጅምላ ልብስ መደብሮቿ፣ በካርጎና በካርቶኗ። ከላለሊ በትራም ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ቢወርድ ግን ሱልጣናህመት አደባባይ ይደርሳል፤ ሐጊያ ሶፊያና ሰማያዊው መስጊድ ፊት ለፊት ተፋጠው የቆሙበት። ለግዥም ይሂዱ ለሽርሽር፣ ለጉብኝት ብቻ አራት ቀን ይመድቡ።

ደረጃ 1፦ ሳምንቱን ይመልከቱ

ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ቀኖቹን ያገናዝቡ። ካፓሊቻርሺ የሚባለው ትልቁ የገበያ አዳራሽ እሑድ ዝግ ነው፤ ዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት ሰኞ፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ደግሞ ማክሰኞ። እሑድን ለገበያ፣ ሰኞን ለዶልማባህቼ፣ ማክሰኞን ለቶፕካፒ ብሎ የመደበ ሰው ሦስት ቀን የተዘጋ በር ሲያይ ይከርማል። መስጊዶቹም በሶላት ሰዓት ጎብኚ አያስገቡም፤ ዓርብ ቀትር ላይማ ባይሞክሩት ይሻላል። የቱርክ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነ እንቅልፍ አይዛባብዎትም። ትኬት ላይ 9:00 የሚለው ግን የእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

ደረጃ 2፦ ሲርኬጂ ይረፉ

ላለሊ ርካሽ ክፍል ይገኛል። ለጉብኝት ግን ሲርኬጂን እመርጣለሁ፦ ትራሙ በደጅ ያልፋል፣ ከባሕር በታች ወደ እስያው ወገን የሚያሻግረው ማርማራይ ባቡር እዚያው ነው፣ የኤሚኖኑ ጀልባ ወደብም በእግር ይደረሳል።

ደረጃ 3፦ ኢስታንቡልካርት ይግዙ

ትራሙም፣ ሜትሮውም፣ አውቶቡሱም፣ ጀልባውም በዚህች ካርድ ይከፈላሉ። ቢጫ ታክሲ ከያዙ ቆጣሪው መብራቱን ሳያዩ አይንቀሳቀሱ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ጠዋት ለሐጊያ ሶፊያ ይስጡ

በ537 ዓ.ም. በንጉሥ ዩስቲንያኖስ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሆና ተሠራች፤ በ1453 መስጊድ፣ በ1930ዎቹ ሙዚየም፣ በ2020 እንደገና መስጊድ ሆናለች (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የውጭ ጎብኚ አሁን ከፍሎ የሚገባው ላይኛው ፎቅ ነው። ለሴቶች ፀጉር መሸፈኛ ግድ ነው፤ ነጠላ ከያዙ ሌላ አይግዙ።

ፎቁ ላይ ብዙ ሰው ጉልላቱን ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። እርስዎ ክርስቶስን ከእመቤታችንና ከመጥምቁ ዮሐንስ ጋር የሚያሳየውን ሞዛይክ ሳያዩ አይውረዱ። የታችኛው ክፍል አብዛኛው ረግፏል፤ ፊቶቹ ግን ተርፈዋል። ጠጋ ብለው ቢያዩት የጉንጩ ጥላ እንኳ በደቃቅ ጠጠሮች የተለቀመ ነው።

ከሰዓት ቶፕካፒን ይግቡ፤ ሐረሙን አይዝለሉት። የጋላታ ማማ ሰልፍ ግን ይቅርብዎት። ሲናን የሠራው የሱለይማኒዬ መስጊድ ግቢ ኮረብታ ላይ ስለሆነ፣ ወርቃማው ቀንድ የሚባለውን የባሕር ክንድ በነፃ ያሳይዎታል።

ደረጃ 5፦ አንድ ቀን ለውኃው

አስጎብኚዎች የቦስፎረስ ሽርሽር ሊሸጡልዎ ኤሚኖኑ ላይ ይከቡዎታል። ማንም ከተሜ የሚሳፈርበት፣ በእስያው ወገን ወዳለው ካዲኮይ የሚሻገረው ጀልባ ግን ከዚያው ይነሣል፤ የሚከፈለውም በካርድዎ ነው። ውጭ ይቀመጡ፣ ወገቡ በጠበበው ብርጭቆ ሻይ ይዘዙ፣ ሰሊጥ የለበሰውን ሲሚት ቁራሽ ወደ ላይ ቢወረውሩ የባሕር ወፎቹ በአየር ላይ ይቀልቡታል። ካዲኮይ ሲደርሱ ዓሣ ገበያውን ዞር ዞር ይበሉ፤ ምሳዎንም እዚያው ይብሉ።

ደረጃ 6፦ ጾም ከሆነ

አይቸገሩም። በዘይት ተሠርተው ቀዝቅዘው የሚቀርቡትን የአትክልት ምግቦች «ዘይቲንያሊ» ብለው ይጠይቁ። ቺ ኮፍቴ ስሙ የጥሬ ሥጋ ቢሆንም ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ከቡልጉርና ከበርበሬ የሚታሽ ነው፤ ሥጋ የለበትም። የምስር ሾርባው ግን ቅቤ ሊገባበት ስለሚችል ሳይጠይቁ አይጠጡ።

ደረጃ 7፦ ገበያን ለመጨረሻ ያቆዩ

ካፓሊቻርሺ ከ60 በላይ መንገዶች አሉት፤ መጥፋትዎ አይቀርም፣ አይደንግጡ። የመጀመሪያው ሱቅ ላይ ዋጋ ብቻ ይጠይቁ፣ ክርክሩን ሦስተኛው ላይ ይጀምሩ። ቅመምና ሎኩም የሚባለውን ጣፋጭ ከፈለጉ ኤሚኖኑ የሚገኘው የግብፅ ገበያ ይሻላል። ሻንጣዎን ሆቴል ሳሉ ይመዝኑት፤ ትርፍ ኪሎ ኤርፖርት ላይ ከተገኘ ከሎኩሙ በላይ ያስከፍላል።