ስንደነግጥ ሰውነታችን ምን ይሆናል?

በዚህ እትም ስለ ድንጋጤ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት በራሴ ስለደረሰ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ማሽላ ስጠብቅ ወንጭፌን ይዤ ከማማው ወረድኩ። እግሬ ሥር ጥቁር ነገር ተጋድሟል። እባብ! እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም፣ ራሴን ያገኘሁት ከወሰኑ ማዶ ነው። ቆይቼ ሳየው ለካ ልጥ ነው። አያቴ ስትሰማ “እባብ ያየ በልጥ በረየ” ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እግሬ ሳላዘው ለምን ዘለለ? የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኋቸው።

አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል የባቄላ ፍሬ የሚያክል ክፍል አለ። ዓይን አስፈሪ ነገር ሲያይ እሱ ቶሎ ብሎ “አደጋ!” ይላል። የሚያስበው ክፍል “እባብ ነው ወይስ ልጥ?” ብሎ እስኪያጣራ አይጠብቅም። ቢጠብቅማ እውነተኛ እባብ የመጣ ቀን ምን ልንሆን ነው?

መልእክቱ በነርቭ አድርጎ ከኩላሊታችን በላይ እንደ ቆብ ወደተቀመጡት ሁለት አድሬናል ዕጢዎች ይደርሳል። እነሱ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም በአፋችን እናውቀዋለን። “ልቤ ድው ድው አለ” እንል የለ? ልብ ለእግርና ለእጅ ጡንቻ ብዙ ደም ለማድረስ ስለሚፈጥን ነው። “አፌ ደረቀ” የምንለው ምራቅ ስለሚቀንስ ነው፤ በዚያ ሰዓት ምግብ መፍጨት ሥራ አይደለማ። “ፊቱ አመድ መሰለ” ሲባል ደም ከቆዳ ወደ ጡንቻ ሄዷል ማለት ነው። “ፀጉሬ ቆመ” ደግሞ በፀጉር ሥር ያሉ ትንንሽ ጡንቻዎች ሲኮማተሩ ነው። ድመት ውሻ ስታይ የምትነፋው በዚሁ ነው፣ እሷስ ትልቅ ትመስላለች፤ እኛን ግን ምንም አይጠቅመንም። ጉበትም ለጡንቻ ጉልበት እንዲሆን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ለዚህ ግን አባባል አላገኘሁለትም፣ ያገኘ ይንገረኝ።

ዋልተር ካነን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ስለዚህ ነገር እ.ኤ.አ. በ1915 መጽሐፍ አሳትሟል። ሰውነት ይህን ሁሉ የሚያደርገው ወይ ለመታገል ወይ ለመሸሽ ሲዘጋጅ ነው።

አሁን ወደ ክበባችን ልምጣ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና ሳነብ ወረቀቱ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ፈሪ ነኝ ብዬ አፍር ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ የእጄን አንጓ በሁለት ጣት ይዞ 30 ሰከንድ ቆጠረና በ2 አባዛው። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ በደቂቃ 80 ነበር። ማይኩ አጠገብ ተራዬን ስጠብቅ 124! እባብም ልጥም የለም፣ ያለው ማይክ ነው። ሰውነቴ ግን ለማይኩም ለመዝለል ተዘጋጅቷል። መምህራችን እንዳሉኝ በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ ሳብኩና ረዘም አድርጌ አስወጣሁ። ትንፋሽ ስናስወጣ ልብን የሚያዘገየው ነርቭ ይበረታል። ደጋግሜ ሳደርገው 102 ደረሰ። ፍርሃቱ አልጠፋም፣ ግን አነበብኩ። አንድ ስም ተሳስቻለሁ፣ ሰምታችኋል።

ድንጋጤው ሲያልፍ ሰውነት ትንሽ ቆይቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀልም። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን ሲመጣ ታናሽ ወንድሜ ገና 4 ዓመቱ ነበር። አሁንም የቆርቆሮ በር በነፋስ ጓ ሲል አልጋ ሥር ይገባል። ድሮ እስቅበት ነበር። ልጡን ከዘለልኩ ወዲህ ግን አልስቅም፣ የእሱም አንጎል ቶሎ “አደጋ!” እያለ ነው። እንዲህ እየሆነ እንቅልፍ የሚያጣ ልጅ ካለ ለመምህር ወይም ለጤና ባለሙያ መንገር ጥሩ ነው።

ባለፈው እሁድ በሩ ጓ ሲል አብሬው አልጋ ሥር ገባሁ። የልቡን ምት ቆጠርኩለት፣ 118። ከዚያ “የአንተንም ልቁጠር” አለኝ። ጣቱን አንጓዬ ላይ አድርጎ ጮክ ብሎ ቆጠረ፣ እኔ አባዛሁት። 112። ለካ እኔም ደንግጬ ነበር።