«ሞቷል» ከማለታችን በፊት
ለየቲሞች የሚለገሱ አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ማዘርቦርድ ስለመመርመርና ስለመጠገን





 

የየቲም ልጆችን ትምህርት ለማገዝ ከሚሰጡት ልገሳዎች መካከል ያገለገሉ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ይገኙበታል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር የማይችሉ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ብዙ ናቸው። ይሁንና ድጋፉ አበቃ ማለት ዕቃው አበቃ ማለት አይደለም፤ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኖ ለጽሑፍ፣ ለሒሳብና ለጥናት የሚያገለግል ማሽን በየመጋዘኑ ተቀምጧል። በመሆኑም እንዲህ ያለ ዕቃ ከመስጠታችንም ሆነ ከመጣላችን በፊት እንዴት እንደሚመረመር ማወቅ ይጠቅመናል።

በሱረቱል በቀራህ 267ኛ አንቀጽ፣ ለራሳችን ቢሰጠን በደስታ የማንቀበለውን መናኛ ነገር መርጠን ከመለገስ ተከልክለናል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 2ኛ አንቀጽ ደግሞ የየቲሙን መልካም ንብረት በመጥፎ ከመለወጥ ተከልክለናል። የመጀመሪያው ለለጋሹ፣ ሁለተኛው ገንዘቡን ለምናስተዳድረው ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከራሳችን ስሕተት የተማርነው

ይህን ትምህርት እንድናዘጋጅ ያነሳሳን በራሳችን እጅ የተፈጸመ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በልገሳ ካገኘናቸው ኮምፒዩተሮች አንዱ ሲበራ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነበር። «ማዘርቦርዱ ሞቷል» የሚል የአንድ ሰው ቃል ሰማንና ሳናጣራ ሌላ ያገለገለ ማዘርቦርድ ገዛን። ገንዘቡ የወጣው ለደብተርና ለዩኒፎርም ከተያዘው ሒሳብ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሙያውን የሚያውቅ አንድ ወንድም «ሞቷል» የተባለውን ሰሌዳ አየው። ራሙን ነቅሎ፣ የጠቆሩትን የብረት ጥርሶች በላጲስ ጠርጎ መለሰው። ሰሌዳው ያለ አንዳች ችግር ሠራ።

ገንዘቡን ከኪሳችን አዋጥተን ወደ ልጆቹ ሒሳብ መለስን። ነገር ግን ሐፍረቱ ከእኛ ጋር ቀርቷል። ዕቃው የጠየቀን አንድ ላጲስና የአምስት ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምንከተለው ሥርዓት አንድ ነው፦ ምርመራ ምንም ከማያስወጣው ይጀምራል፣ ገንዘብ የሚያስወጣው በመጨረሻ ይመጣል።

አስቀድሞ፦ ጥንቃቄ

ማዘርቦርድ ማለት ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ሃርድ ዲስኩና ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚገናኙበት ትልቁ ሰሌዳ ነው። ኃይል የሚያገኘው ፓወር ሰፕላይ ከሚባለው የብረት ሣጥን ነው። ከዚህም የተነሣ ሌላው ክፍል ሲታመም ሕመሙ የማዘርቦርዱ መስሎ ይታያል።

ኬዙን ከመክፈታችን በፊት የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬት እንነቅላለን። ቀጥሎም የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭነን የቀረውን ኃይል እናስወጣለን። ሰሌዳውን ከመንካታችን በፊት ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት እንንካ፤ በሰውነታችን ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ረቂቅ ክፍሎችን ሊያበላሽ ይችላልና። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን ባለሙያ ያልሆነ ሰው ከቶ አይክፈተው። በ220 ቮልት በሚሠራ ሣጥን ውስጥ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ወደ 310 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። ልጆች ሥራውን ቢመለከቱ መልካም ነው፤ ያለ አዋቂ ግን አይንኩ።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

1ኛ. ጨርሶ የማይበራ ከሆነ። ሶኬቱን በሌላ ዕቃ፣ ገመዱንም በሌላ ገመድ እንፈትሽ። ከፓወር ሰፕላዩ በስተጀርባ ያለው ማብሪያ መከፈቱን እንይ። በአንዳንድ አሮጌ ሣጥኖች ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መምረጫ አለ፤ በአገራችን በ230 ላይ መሆን አለበት። ከውጭ አገር በመጣ ዕቃ ላይ በ115 እንደቆመ ሶኬት ውስጥ ቢሰካ ሣጥኑ ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ ይህ ከመሰካት በፊት የሚታይ ነገር ነው።

2ኛ. ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመ። የሞኒተሩ ገመድ በትክክል መሰካቱን፣ ኮምፒዩተሩ የተለየ የምስል ካርድ ካለውም ገመዱ በካርዱ ላይ መሰካቱን እንመልከት። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ የኃይል ገመድ ላልቶ ከሆነ ማራገቢያዎች ይዞራሉ፣ ፕሮሰሰሩ ግን ኃይል አያገኝም። ከዚያ ራሙን ነቅለን የብረት ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለን እንጥረግ፤ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፈን እንመልሰው። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ፣ በየማስገቢያው እየቀያየርን እንሞክር።

3ኛ. ድምፁን ማዳመጥ። በአሮጌ ሰሌዳዎች ላይ ትንሽ ድምፅ ማሰሚያ ትገኛለች። ገመዱን ነቅለን ራሙን ሙሉ በሙሉ አውጥተን መልሰን ስናበራ ተደጋጋሚ ጩኸት ካሰማ ደስ ይበለን፤ ፕሮሰሰሩና ሰሌዳው ቢያንስ «ራም የለኝም» ለማለት የሚያስችል ሕይወት አላቸው። ጸጥ ካለ ግን ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላዩ፣ ወደ ፕሮሰሰሩ ወይም ወደ ሰሌዳው ይዞራል። የጩኸቱ ብዛትና ርዝመት ትርጉሙ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የሰሌዳውን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

4ኛ. ሰዓትና ቀኑን የሚረሳ ከሆነ። በሰሌዳው ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች፣ ሲአር 2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እርሷ ናት። ስትደክም ቀኑ ወደ ብዙ ዓመት ኋላ ይመለሳል፤ ሲበራ የስሕተት መልእክት እያሳየ ቁልፍ እስኪጫኑለት ይቆማል፤ ኢንተርኔትም ድረ ገጾችን «አስተማማኝ አይደሉም» እያለ ይከለክላል። በአንዳንድ ሰሌዳዎች ላይ እስከ አለመነሣት ያደርሳል። መድኃኒቱ ባትሪዋን መለወጥ ነው። ገመዱ ተነቅሎ ባትሪዋን ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት የተበላሹ የባዮስ ምርጫዎችንም በብዙ ሰሌዳዎች ላይ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል።

5ኛ. በርቶ ከደቂቃዎች በኋላ የሚጠፋ ከሆነ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው። በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የብረት ማቀዝቀዣ በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ማራገቢያውን በጣታችን ይዘን አቧራውን በብሩሽ እናውጣ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት የተባለ ቅባት በዓመታት ብዛት ስለሚደርቅ አሮጌውን ጠርጎ በስሱ መቀባት ማሽኑን ያድሳል።

ከባለሙያ ጋር የሚደረግ ምርመራ

ከላይ የተገለጸው ሁሉ ካልረዳ ፓወር ሰፕላዩ በመልቲሜትር ይለካል። ብጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት መስጠት አለበት። ሐምራዊው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ባይበራም ገመዱ እስከተሰካ ድረስ 5 ቮልት ይሰጣል። ከዚህ ወሰን የወጣ ሣጥን መለወጥ አለበት፤ ማዘርቦርዱን የሚከሰው ሰው አስቀድሞ ይህን ልኬት ያሳየን።

የማዘርቦርድ የራሱ የሆነ የታወቀ በሽታ የካፓሲተር ማበጥ ነው። ካፓሲተሮች በፕሮሰሰሩ ዙሪያ እንደ ትናንሽ በርሜል የቆሙ ክፍሎች ናቸው። ሰሌዳው ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን 12 ቮልት ወደ 1 ቮልት አካባቢ አውርዶ ለፕሮሰሰሩ ሲሰጥ፣ የኃይሉን መዋዠቅ የሚያረጋጉት እነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት በዓለም ዙሪያ በተሠሩ ብዙ ሰሌዳዎች ላይ የገቡ ካፓሲተሮች በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ጉድለት ስለነበረበት ጋዝ ፈጥረው አብጠዋል፤ ፈንድተዋልም። ጉድለት የሌለባቸውም ቢሆኑ ሙቀትና ዕድሜ ያደርቃቸዋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አቧራ መጥረግ የእነርሱንም ዕድሜ ማራዘም ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ምልክቱ በዓይን ይታያል። ጤነኛ ካፓሲተር ራሱ ጠፍጣፋ ነው፤ የታመመው ያብጣል ወይም ከራሱ ወይም ከሥሩ ቡናማ ቅርፊት ያወጣል። ኮምፒዩተሩም ደጋግሞ ካልተሞከረ አይነሣም፣ በሥራ መካከል ይደርቃል ወይም በራሱ ጠፍቶ ይነሣል።

በጥገናው ጊዜ ባለሙያው እነዚህን እንዲጠብቅ እንጠይቅ። አዲሱ ካፓሲተር በማይክሮፋራድ ከአሮጌው ጋር እኩል፣ በቮልት እኩል ወይም የሚበልጥ፣ 105 ዲግሪ የሚችልና ሎው ኢ.ኤስ.አር. የተባለው ዓይነት መሆን አለበት። አሉታዊው እግር በጎኑ ባለው መስመር ይታወቃል፤ ተገልብጦ ቢገባ ይፈነዳል። በሰሌዳው ላይ የሚታተመው ምልክት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ አሮጌውን ከማንሣት በፊት ፎቶ ማንሣት ይበጃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ የእርሳስን አጠቃቀም ስለገደበ፣ ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ሰሌዳዎች ላይ የተለመደው ብየዳ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የቀድሞው እርሳስ ያለበት ግን በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። ሰሌዳው ብዙ ንብርብር ስላለው ሙቀቱን ይመጥጣል። ስለሆነም እግሩን በጉልበት የሚጎትት ሰው ቀዳዳውን ከውስጥ ቀድዶ የሚድነውን ሰሌዳ ይገድላል።

መቼ ይበቃል?

ሰሌዳው ከተሰነጠቀ፣ ትልቅ ቺፕ ከተቃጠለ፣ የፕሮሰሰሩ ማስቀመጫ ጥቃቅን እግሮች ከተሰበሩ ወይም የጥገናው ዋጋ ከሌላ ደኅና ኮምፒዩተር ዋጋ ከተጠጋ፣ ማቆምም አማና ነው። ለአንድ ግትር ዕቃ ሲባል የልጆቹ ገንዘብ አይባክንም። ራሙ፣ ማቀዝቀዣው፣ ሃርድ ዲስኩና ገመዶቹ ለሌላው ይተርፋሉ። የቀረውን ሰሌዳም ሆነ ሽቦ ፈጽሞ አናቃጥል፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ በብየዳው ውስጥ ያለው እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ለለጋሾችና ለቤተሰቦች

ኮምፒዩተር ለመስጠት ያሰባችሁ ወንድሞችና እኅቶች! ከዕቃው ጋር አንዲት ወረቀት አያይዙልን፦ መቼ እንደተገዛ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሠራ፣ ምን ዓይነት ሕመም እንደሚያሳይ። «አይሠራም» ከሚለው ቃል ይልቅ «በርቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይጠፋል» የሚለው ለጠጋኙ ብዙ ይነግረዋል። ጉድለቱን መናገር የልገሳውን ዋጋ አይቀንስም፤ መደበቁ ግን ወጪውን በየቲሙ ላይ ይጥላል። በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን የግል መረጃችሁንም አስቀድማችሁ አጥፉ።

ኮምፒዩተር የደረሳችሁ እናቶችና አሳዳጊዎች ደግሞ ዕቃው ቢቆም አትደንግጡ፣ ወደ ሱቅም አትቸኩሉ። ከ1ኛ እስከ 5ኛ ያለውን በቅደም ተከተል ተመልከቱ፤ ያልተፈታውን ወደ ማኅበራችሁ አምጡ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ገመዱን መንቀል፣ ከተቻለም ስታብላይዘር መጠቀም ሰሌዳውን ከብዙ ጉዳት ይጠብቃል።

ያንን በላጲስ የዳነ ማዘርቦርድ አልጣልነውም። ኬዝና ፓወር ሰፕላይ ተፈልጎለት ዛሬም ይሠራል። ከፊቱ የሚቀመጠው ልጅ ታሪኩን አያውቅም፤ እኛ ግን ባየነው ቁጥር ሳያጣሩ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እናስታውሳለን።