ለአንድ አጽም 21 ደቂቃ
ትንንሽ የጨዋታ ወታደሮችን ፈጥኖ የመቀባት ሂሳብ

ዋና መሥሪያ ቤቱ በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ከተማ የሚገኘው ጌምስ ዎርክሾፕ የተባለው ኩባንያ በዋናነት የሚሸጠው ከጣት ብዙም የማይረዝም የፕላስቲክ ወታደር ነው። በ1975 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ወዳጆች በለንደን የጀመሩት ይህ ንግድ በ1994 የለንደን አክሲዮን ገበያ ገባ፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ በዚያው ገበያ 100ዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ ሰፈረ። በጁን 2025 መጀመሪያ በተዘጋው የሂሳብ ዓመት ገቢው ከ600 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር።

ለነጋዴ የሚያስገርመው ዕቃው ሳያልቅ መሸጡ ነው። ደንበኛው ሳጥኑን ሲከፍት የሚያገኘው ቀለም ያልነካው፣ ገና ያልተገጣጠመ ፕላስቲክ ነው። ኦርኩን፣ ጎብሊኑን፣ ድራጎኑን ከፍሬሙ ላይ እየቆረጠ፣ በማጣበቂያ እየገጣጠመ፣ ራሱ ይቀባል። ከዚያ በኋላ ነው ዋርሀመር የተባለውን ጨዋታ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ጦር አሰልፈው፣ ርቀት እየለኩና ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት። ሳይቀቡ መጫወት ይቻላል። ሆኖም ዋርሀመር 40,000 በተባለው ጨዋታ በ2020 በወጣው ሕግ መሠረት ጦሩን በሙሉ ቀብቶ የቀረበ ተጫዋች ከ100 ነጥብ 10ሩን ያለ ውጊያ እንዲያገኝ ተደርጓል። ኩባንያው ቀለሙንም ብሩሹንም የሚሸጥ መሆኑን ላስታወሰ ሰው ይህ ሕግ ምንጩ ግልጽ ነው። ደግሞም መደርደሪያው ላይ ሦስት ያልተቀባ ሳጥን የተኛበት ደንበኛ አራተኛውን ለመግዛት ማመንታቱ አይቀርም።

ከዚህ ችግር ጎን ለጎን ሌላ አነስተኛ ንግድ በቅሏል፤ ይኸውም ለሌላው ሰው በክፍያ የመቀባት ሥራ ነው። ዋጋው ብዙውን ጊዜ በአንድ ወታደር ይቆረጣል፤ አብዛኛው ቀቢ የሚከስረውም እዚሁ ላይ ነው። ክፍያው በቁጥር፣ ወጪው ግን በሰዓት ነውና።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቀቢ ተገጣጥመው የመጡ 40 አጽሞችን እያንዳንዱን በ5 ፓውንድ ተዋውሎ ተቀበለ እንበል። ጠቅላላ ክፍያው 200 ፓውንድ ነው። ለቀለም፣ ለስፕሬይና ለመሳሰለው 30 ፓውንድ ቢቀነስ 170 ይቀራል። በብሪታንያ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ዕድሜው 21 ለሞላ ሠራተኛ የተወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12 ፓውንድ ከ21 ፔንስ ነበር። ሕጉ ለራሱ ለሚሠራ ሰው ይህን አያረጋግጥለትም፤ መለኪያ ግን ይሆነዋል። 170ው ለዚህ ሲካፈል 13 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይመጣል፤ ለአንድ አጽም ወደ 21 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። አንዱን አንስቶ፣ ቀብቶ፣ ጨርሶ፣ ሌላውን የሚያነሳና ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያጠፋ ቀቢ ግን 60 ሰዓት ይሠራል። በሰዓት 2 ፓውንድ ከ83 ፔንስ አገኘ ማለት ነው። እጁ የቱንም ያህል የተባ ቢሆን በዚህ ሂሳብ ሱቅ አይከፍትም።

ታዲያ 21 ደቂቃው እንዴት ይበቃል? የመጀመሪያው መልስ የእጅ ፍጥነት አይደለም። አሥር ሱሪ የታዘዘ ልብስ ሰፊ አሥሩን አንድ ላይ ቆርጦ፣ ከዚያ አሥሩን በተራ እንደሚሰፋ ሁሉ፣ ቀቢውም አንዱን ቀለም ለሁሉም አዳርሶ ብቻ ነው ወደ ሌላው ቀለም የሚሻገረው። ክዳን መክፈት፣ ብሩሽ ማጠብ፣ ቀለም ማቅጠን የመሳሰሉት በአንድ ወታደር ላይ ሲሰሉ ምንም የማይመስሉ ደቂቃዎች ናቸው፤ 40 ጊዜ ሲደጋገሙ ግን ቀኑን ይበሉታል። ወታደሮቹ በጠባብ ጣውላ ላይ በሁለት ጎኑ በሚያጣብቅ ፕላስተር አሥር አሥር ሆነው ይተከላሉ። አሥረኛው ሲቀባ የመጀመሪያው ወደ መድረቁ ይደርሳልና ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም። አርባውን በአንድ ረድፍ መያዝ ግን አይመከርም፤ ሠላሳኛው ላይ ዓይን ይደክማል፣ ብሩሹም ከመስመር ይወጣል።

በቢላዋ ጀርባ የፕላስቲኩን ስፌት መፋቅና ጣውላው ላይ መትከል ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ይፈጃል። ጋሻዎች ተነጥለው ለብቻቸው ይቀባሉ፤ ከተጣበቁ ከኋላቸው ያለውን ደረት ለመድረስ ብሩሹ ይታገላል። ከዚያ ስፕሬይ ይነፋል። የብዙዎች ልማድ ጥቁር መንፋት ነው። ለአጽም ግን መጀመሪያውኑ የአጥንት ቀለም ያለው ስፕሬይ ከተነፋ መነሻውም ዋናው ቀለምም በአንድ ጊዜ ተጠናቀቀ። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ አጠር አጠር አድርጎ መንፋት ነው። ለአርባው 20 ደቂቃ ይበቃል።

አሁን የሥራው እምብርት ይመጣል፤ ጥላ የሚሰጠው ቀጭን ቡናማ ቀለም። ይህ ቀለም እንደ ውሃ የሚፈስ በመሆኑ በጎድን አጥንቶች መካከልና በዓይን ጉድጓድ ውስጥ እየተጠራቀመ ጥላ ይሆናል፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ ሳስቶ ይቀራል። ቀቢው በብሩሽ ሊሥለው ቢሞክር ግማሽ ሰዓት የሚወስድበትን ጥላ የስበት ኃይል በ2 ደቂቃ ይሠራለታል። ትላልቅ ጦር የሚቀቡ ሰዎች ይህን ብልሃት የወሰዱት ከእንጨት ሥራ ነው። ለቁም ሣጥን የሚገዛውን ባለ ቡናማ ቀለም ቫርኒሽ ከፍተው ወታደሩን በሙሉ ይነክሩበትና ትርፉን ያራግፉት ነበር። በ2007 የተቋቋመው አርሚ ፔይንተር የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ይህንኑ ለጨዋታው አዘጋጅቶ በቆርቆሮ ሸጠው። ጌምስ ዎርክሾፕም በ2019 ኮንትራስት የተባሉ፣ ቀለምንና ጥላን በአንድ ቅብ የሚሰጡ ፈሳሾችን ገበያ ላይ አዋለ። ከተራው ቀለም ይወደዳሉ፤ በሰዓት ሂሳብ ግን ርካሽ ናቸው። ጉድለታቸው ለጥ ያለ ገጽ አለመውደዳቸው ነው። በጸጉር፣ በአጥንት፣ በታጠፈ ካባ ላይ ያምራሉ፤ በሰፊ ጋሻ ወይም በሠረገላ ጎን ላይ ግን እንደ ፈሰሰ ሻይ እየተንጠባጠቡ ይደርቃሉ።

ጥላው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ደረቅ ብሩሽ ይከተላል። አሮጌና ሰፊ ብሩሽ ነጣ ባለ ክሬም ቀለም ተነክሮ፣ በወረቀት ላይ እስኪደርቅ ተጠርጎ፣ አጽሙን ከላይ ወደ ታች ያሻሽዋል። ጫፍ ጫፉ ብቻ ይነጣል፤ 1 ደቂቃ። ይህ ሥራ አካባቢውን ሁሉ የሚያበላሽ ስለሆነ ከልብሱና ከመሣሪያው በፊት መሠራቱ ግድ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ልብሱን ሁለት ጊዜ ይቀባል።

ለጨርቅ፣ ለቆዳና ለእንጨት በድምሩ 4 ደቂቃ፣ ለሰይፍና ለራስ ቁር 3 ደቂቃ ይመደባል። የቀለሙ ዓይነት ከአምስት ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ጦሩም አንድ ወጥ ሆኖ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ብርማው ቀለም መጨረሻ ላይ፣ በተለየ ውሃ ይሠራበት፤ ብልጭልጩ ወደ ሌላው ቀለም ከገባ አይወጣም። ብሩሽን በተመለከተ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ትንሽ ነገር ለመቀባት ትንሽ ብሩሽ ይገዛል። በጣም ቀጭን ብሩሽ የሚይዘው ቀለም ወታደሩ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። ጫፉ የሾለ ቁጥር 2 ብሩሽ አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳል።

ጋሻው 2 ደቂቃ፣ መቆሚያው 2 ደቂቃ ይወስዳሉ። መቆሚያው ላይ ኮላ ተቀብቶ አሸዋ ይነሰነሳል፣ ቡናማ ይቀባል፣ በደረቅ ብሩሽ ይነካል። ርካሽ ሥራ ቢመስልም የአርባውን ወታደር መልክ አንድ የሚያደርገው ይኸው ነው።

በዚህ ስሌት እያንዳንዱ አጽም 16 ደቂቃ፣ አርባው 640 ደቂቃ ፈጀ ማለት ነው። ስፕሬዩና የመጨረሻው ቫርኒሽ 40 ይጨምራሉ። ከ835 ደቂቃ የተረፈውን ደግሞ የት ማዋል እንደሚገባ ዓይን ይናገራል። ተጫዋቹ ጦሩን የሚያየው አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከላይ ነው። የሚያየውም አለቃውን፣ ባንዲራ ያዡንና ጥሩምባ ነፊውን ነው። ለሦስቱ በተጨማሪ 40 ደቂቃ እያንዳንዳቸው ቢሰጣቸው 120 ይሆናል፤ ድምሩ 800። ሦስተኛ ረድፍ ላይ ለቆመ አጽም የቀበቶ መቆለፊያ መቀባት ግን ገንዘብ ጉድጓድ ውስጥ መጣል ነው።

ቫርኒሹ ላይ መቸኮል አይገባም። እርጥበት ባለበት ቀን የተነፋ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ነጭ ጭጋግ መስሎ ሊደርቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ የ13 ሰዓት ሥራ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። አስቀድሞ በአንድ ወታደር ላይ ነፍቶ፣ አድርቆ፣ ማየት ነው። ማስረከቢያው ቀን ሲቆረጥም ለመድረቂያ የሚሆን ቀን ይታሰብበት።

የቀሩት 35 ደቂቃዎች የቀቢው መተንፈሻ ናቸው። ደንበኛው ሥራውን አይቶ «በየዓይን ጉድጓዱ አንዳንድ አረንጓዴ ነጥብ ብትጨምርበት» ቢል፣ ግማሽ ደቂቃ በአርባ ሲባዛ 20 ደቂቃ ነውና በፈገግታ መቀበል ይቻላል። «በየጋሻው ላይ ዓርማ» ቢል ግን ሦስት ደቂቃ በአርባ ሲባዛ 120 ደቂቃ ነው፤ ይህ ብሩሽ ከመነሳቱ በፊት አዲስ ዋጋ ይቆረጥለታል። አጽም ደግሞ ቆዳ የለውም፣ የፊት መልክም የለውም። 40 ኦርክ ይዞ የመጣ ደንበኛ በዚያው በ5 ፓውንድ ልዋዋል ቢል፣ የቆዳው፣ የፊቱና የጥርሱ ደቂቃ እንደገና ከአንድ ጀምሮ መቆጠር አለበት።